በእሱ አፍ

ጥቅምት 3

እትዬ፣

ደብዳቤ ስላየሽ አትደንግጪ፤ ማንም አልሞተም። ሰላምታዬ በወረቀት የመጣው ሌላ መንገድ ስላጣሁለት ነው። እኔም ልጄም ደህና ነን። እሷ አራት ዓመት ሞልቷት አሁን በሁለት ቋንቋ ትሳደባለች፤ በአፏም በእጇም። የአባባ ሳል እንዴት ሆነ? ምናልባት በስልክ ጠይቄሽ ይሆናል። ይሁን፤ አሁን ደግሞ እኔ ራሴ እየጠየቅኩሽ ነው።

ጥርስ ልታስተክል የመጣችው ጎረቤትሽ የላክሽልኝን ቁራጭ ወረቀት ሰጥታኛለች። ጥርሶቿን እኔ ነኝ የሠራኋቸው፤ ስትስቅ አስተውያቸው፣ አምረውባታል። ወረቀትሽን አነበብኩት። አልተቀየምኩሽም፣ አልረሳሁሽምም። «ምነው እንዲህ ቀዘቀዝሽብኝ» ላልሽው ግን መልሱ ረጅም ስለሆነ በትዕግሥት አንብቢኝ።

ባለፈው ሳምንት ማኅበራችን ስልጠና ነበረው። አንዲት ጠበቃ በትዳር ውስጥ ስለሚደርስ በደል ልታስተምረን መጣች። ሰሚ ናት፣ የምልክት ቋንቋ አታውቅም። አስተርጓሚዋ ማን ነበር? ሌላ ማን አለና፣ ባሌ። በዚህ ከተማ መስማት ለተሳነን ሰዎች ፍርድ ቤትም እሱ ነው፣ ሐኪም ቤትም እሱ ነው፣ ወሊድ ክፍልም ቀብርም እሱ ነው። በምልክት ስሙን ስንጠራው ጆሯችንን በሁለት ጣት እንነካለን። «ጆሯችን» ማለት ነው።

ጠበቃዋ የምትናገረውን በትልልቅ ፊደል ግድግዳው ላይ ታሳይ ነበር። ከእኛ መሃል ግን ጽሑፍ የሚቀናው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤታችን ያን ሁሉ ዓመት «አ» በሉ እያለ ጉሮሯችንን ሲዳብስ ከረመ እንጂ ማንበብ መች አስተማረን? እኔ አባባ ጋዜጣ ዘርግቶ ስላስጠናኝ አነባለሁ። እናም ግድግዳው ላይ «መስማት በተሳናቸው ሰዎች ላይ ብቻ የሚፈጸሙ በደሎች» የሚል ርእስ መጣ። ከሥሩ ሦስት መስመር አለ። ሦስቱንም አነበብኩና ወደ ባሌ እጆች ዞርኩ።

እጆቹ «አሁን የሻይ ዕረፍት ነው» አሉ።

ሁሉም ተነሣ። ሊቀመንበራችን ለሻይ ማንንም አያስቀድምም፤ በሩ ላይ ሊገፈትረኝ ምንም አልቀረው። ጠበቃዋ ገና ዓረፍተ ነገሯ መሃል ላይ ነበረች። አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ አፏን ከፍታ ቀረች። ባሌ በትሕትና አንድ ነገር አላት፣ እሷም ሳቀች። ስንመለስ ግድግዳው ላይ ሌላ ርእስ ነበር።

ሳቂ እትዬ። እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ። ከዚያ ብርጭቆውን ሳልጠጣው አስቀመጥኩት። ሦስቱ መስመሮች ምን እንደሚሉ ዛሬ አልነግርሽም። ሦስቱንም ከዚያ በፊት በደንብ አውቃቸው ነበር፤ የማላውቀው ስም እንዳላቸው ነው።

መልስሽን በፖስታው ጀርባ ወዳለው አድራሻ ላኪ፤ የሥራ ቦታዬ ነው። ወደ ቤት አትላኪ። እሁድ ሲደወልልሽም ደብዳቤ የሚባል ነገር አታንሺ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 21

ለእሳቷ እህቴ፣

ፖስታሽን ስቀበል ማበጠሪያዬን ጣልኩት። ፀጉሯን ይዤላት የነበረችው ደንበኛዬ «ምነው፣ መርዶ ነው?» አለችኝ። እኛ ጋ ደብዳቤ የሚጽፈው ውሃና መብራት ብቻ ነው! አባባ ሳሉ ቀለል ብሎታል፤ ቁጣው ግን እንዳለ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱ ከቀዘቀዘ ነው የምፈራው። ልጅሽን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ።

የሻይዋን ነገር ሳነብ በሳቅ ፈረስኩ። ግን ልጠይቅሽ፦ እንዲህ በወረቀት የሚያስደብቅ ምን ተገኘ? ሰውዬው ደክሞት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ እጁን ሲያወራጭ የሚውል ሰው ሻይ ቢያምረው ይፈረድበታል? እህቴ፣ አትቆጪኝና፣ አንቺ ከልጅነትሽ ነገር ታገዝፊያለሽ። እኔ ለባልሽ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ግን ሰሚ ሆኖ ሳለ ቋንቋሽን ተምሮ፣ አንቺን ብሎ፣ ሳምንት በሳምንት ስልክ ይዞ ቃልሽን የሚያደርስልኝ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባል በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም ብላ የማትቀናብሽ ደንበኛ የለችኝም።

ባለፈው እሁድ «ሥራው አድክሟታል፣ ነርቯ ተነክቷል፣ ትቆጣለች» ሲለኝ ድምፁ ያሳዝን ነበር። አንቺም በእሱ በኩል «ትንሽ ልረፍ፣ አትጨነቂ» አልሽኝ። ታዲያ የትኛውን ልመን?

መስመሮቹን ንገሪኝ። በግማሽ የተነገረ ነገር ሆድ ያማል።

ታላቅሽ


ኅዳር 4

እትዬ፣

ለጤናሽና ለአባባ ጤና ያለኝን ምኞት አስቀድሜአለሁ። ከዚህ በታች ያለው ግን ሰላምታ አይደለም።

አንደኛው መስመር፦ መብራት ማጥፋት። አንቺ ስትቆጪ ጨለማ ቢሆንም ትጮኺያለሽ። እኔ ስቆጣ እሱ ተነሥቶ ማብሪያውን ይጫነዋል። ጨለማ ውስጥ እጄ ምንም አይናገርም፤ እሱ ምን እንደሚል፣ የት እንደቆመም አላይም። አንዳንዴ ግድግዳ ተደግፌ በእጄ እያወራሁ እቀራለሁ፣ ለማንም። ሲነጋ «ምን አልሽ? ምንም አላልሽም እኮ» ይለኛል።

ሁለተኛው፦ ዓይን መጨፈን። ስናገር ዓይኑን ይጨፍናል። አይቆጣም፣ አይሳደብም። ፈገግ ብሎ ጨፍኖ ቁጭ ይላል፣ ክንዴ እስኪዝል። ሰሚ ሰው ጆሮውን በእጁ ቢደፍን ምን ይመስላል? ያስቃል፣ አይደል? እንደ ሕፃን ነው። ዓይኑን የጨፈነ ባል ግን ከውጭ ለሚያየው የሚጸልይ ይመስላል።

ሦስተኛው፦ እጅ መያዝ። ሁለቱን አንጓዎቼን አንድ ላይ ጨምድዶ ይይዛል። «እንዳትመታኝ ነው» ይላል። መቼ መታሁት? እየተናገርኩ ነበር። የአንቺን አፍ አንድ ሰው በመዳፉ አፍኖ «እንዳትነክሰኝ ነው» ቢልሽ ምን ትያለሽ?

እስከዚያች የሻይ ዕረፍት ድረስ እነዚህን የእኔ ቤት ጠባይ አድርጌ ነው የማያቸው። አንዱ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፣ የእኛ ቤት ደግሞ መብራት ይጠፋል። እሱ ግን ስማቸውን ያውቅ ነበር። ባያውቅ ምን ብሎ ይዘላቸዋል?

«ለምን አገባሽው ታዲያ» ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ። ስለ ቤታችን እራት አስቢ። ስድስታችሁም ትስቃላችሁ። እኔ «ምንድን ነው?» እላለሁ። «በኋላ እነግርሻለሁ» ትሉኛላችሁ። በኋላ የሚባለው ነገር አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ማናችሁም «ውሃ» ከሚለው ምልክት አላለፋችሁም። እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የመጣ ቀን የአጎታችንን ቀልድ ከነድምፁ፣ ከነአስቂኝ አንገቱ በእጁ ነገረኝ። ከእናንተ ጋር እኩል ሳቅኩ። እትዬ፣ አንድ ቀልድ ስላስተረጎመልኝ ነው ያገባሁት።

አሁን የእሁዱን ስልክ በተመለከተ። «ነርቯ ተነክቷል» ባለሽ ጊዜ እኔ ወጥ ቤት ልጄን አጥብ ነበር። «ልረፍ» አላልኩሽም። ስልኬም በእሱ እጅ ስለሆነ በጽሑፍ የሚመጣልሽም የእሱ ነው። ካላመንሽኝ ፈትኚው። በሚመጣው እሁድ ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን ነገር ጠይቂኝ፣ በእሱ በኩል። መልሱን ጻፊልኝ። ለእሱ ግን አንድም ቃል እንዳትተነፍሺ። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።

ታናሽሽ


ኅዳር 19

እህቴ፣ እህቴዋ፣

ሰላም ለማለት እንኳ አፈርኩ።

ጠየቅኩት። «ልጆች ሳለን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ፣ በጨለማ ጀርባዋ ላይ በጣቴ ምን እጽፍላት እንደነበር ጠይቅልኝ» አልኩት። ጥቂት ጠበቀ፣ ከአንቺ ጋር የሚነጋገር ይመስል። ከዚያ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ «እንባዋ መጣ፤ ‹እወድሻለሁ› እያልሽ ነበር የምትጽፊልኝ ትላለች» አለኝ።

እኔ ጀርባሽ ላይ «እወድሻለሁ» ብዬ ጽፌ አላውቅም! «ሽንቴ መጥቷል፣ ተነሽ» ነበር የምለው፣ ብቻዬን ውጭ መውጣት ስለምፈራ። አንቺ ያንን ትረሻለሽ? እየተነጫነጭሽ ትነሺ አልነበር?

ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነው ያወራሁት? ጽንሱ የወረደብኝ ጊዜ ሌላ ሰው አላወቀም፤ ለአንቺ ብዬ አለቀስኩ። «አይዞሽ እህቴ፣ ለማንም አትንገሪ» አልሽኝ። እሱ ነው? ስትወልጂ ልምጣ ብልሽ «ቤቱ ጠባብ ነው፣ ተይው» ያልሽኝ እሱ ነው? ያ ልብስ ነጋዴ ሊያገባኝ ሲጠይቀኝ «አይሆንሽም» ብለሽ አስተውሽኝ። እኔ ደግሞ ታናሼ ናት፣ ታስብልኛለች ብዬ ተውኩት። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሳስታውስ ራሴን ያዞረኛል። የትኛው የአንቺ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አንዱም የአንቺ አልነበረም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። አደራ ብለሽኝ ነበር። ዝም ልል ፈልጌ ነበር፣ ምላሴን ነክሼ። ግን «ሌላ የምትያት ነገር አለ?» ሲለኝ አመለጠኝ። «አንተ ሌባ፣ የእህቴን አፍ መልስ!» አልኩት። ሌላም ብዙ ብያለሁ። ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።

ደህና ነሽ? በእናትሽ፣ ይኼ እንደደረሰሽ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ። ለሥራ ቦታሽ ደወልኩ፤ አለቃሽ «ዛሬ አልገባችም» አሉኝ። በማግስቱም እንዲሁ።

ታላቅሽ


ታኅሣሥ 8

እትዬ፣

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ስለሆነ ይቅርታ፤ በግራ እጄ ነው። ዘግይቼም ይቅርታ።

ስለ ተናገርሽው ነገር፦ አልተቆጣሁሽም። ይህን ደግመሽ እንዳታነሺ። እኔም ብሆን አልችልም ነበር። ስለ ቀኝ እጄ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አልወደቅኩም። የሐኪም ቤቱ ወረቀት «ወድቃ» ቢልም አልወደቅኩም። ማን እንዳስተረጎመልኝ ገምቺ። ያሰሩልኝ ጄሶ በደንብ አልተበጠበጠም፤ እኔ ጋ ለጥርስ ቅርጽ ማውጫ እንዲህ ያለ ጄሶ ቢመጣ ለአለቃዬ መልሼለት ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድሽ ወይ እንደምትይኝ አውቃለሁ፦ ሄጃለሁ። ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ። በግራ እጄ «ባሌ» ብዬ ጻፍኩ፣ «ሰበረኝ» ብዬ ጻፍኩ። መርማሪው ጭረቴን አገላብጦ አየና እንድጠብቅ በእጁ አሳየኝ። ለማኅበራችን ደወለ፤ አስተርጓሚ ላኩልኝ ለማለት። ደግ ሰው ነው፣ ውሃም ሰጥቶኛል። ማኅበሩም ያለውን አንድ አስተርጓሚ ላከ።

ባሌ ሲገባ መርማሪው ተነሥቶ ጨበጠው። ይተዋወቃሉ፤ ከአንድም ሁለት ጉዳይ አብረው ሠርተዋል። እኔ በአንድ እጄ የምችለውን ተናገርኩ። ባሌ ፊቱን ወደ መርማሪው አዞረ፤ እኔ የማየው ማጅራቱን ብቻ ነው። ማጅራቱ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ከዚያ መርማሪው ሳቀ። እትዬ፣ በተሰበረ እጅ ላይ የሚያስቅ ምን አለ? ስንወጣ መርማሪው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እንደ ልጅ።

ልጄን ወደ እናቱ ቤት ወስዷታል። «ድምፅ ባለበት ቤት ትደግ» ነው ያለው። ልብሷን እንኳ አልወሰደም። እኔ ያለሁት አለቃዬ በሰጠኝ ክፍል ውስጥ ነው፤ መደርደሪያው ሙሉ የጄሶ መንጋጋ ነው፣ ሲያዩት ሁሉም የሚስቁብኝ ይመስላል።

ማኅበሩ ዘንድ ቀርቤ ነበር። ሊቀመንበሩ «ጆሯችንን ልታስቆርጪብን ነው? ሚስቶቻችን ምጥ ሲይዛቸው ማን ይገባላቸዋል? አንቺ?» አለኝ። «ጆሮ ከሆነ ለምን የሰማውን አይናገርም?» አልኩት። «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» አለ። ይህን ያለኝ እኮ እንደ እኔው የማይሰማ ሰው ነው፣ ትምህርት ቤት በምልክት ስናወራ እጃችንን በማስመሪያ አብረው የመቱን። በሰሚ ብገፋ ለምጄዋለሁ፤ የራሴ ሰዎች እጅ ሲያባርረኝ ግን አንጀቴ ተቆረጠ።

ስወጣ ልብስ ሰፊዋ ተከትላኝ መጣች። አንቺ አታውቂያትም፤ ዝምተኛ ናት፣ እጇ እንኳ ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው። ከሁለት ዓመት በፊት አሠሪዋ እንደሚተናኮላት ለፖሊስ ተናግራ ነበር፣ በባሌ በኩል። በማግስቱ ከሥራ ተባረረች። እስከ ዛሬ ያላመኗት ይመስላት ነበር። መንገዱ ዳር ቆማ «ያን ቀን ምን ብሎልኝ ይሆን?» አለችኝ። ስንቶቻችን ነን በእሱ አፍ ያላልነውን ያልነው?

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። ልጄን እንዲመልስልኝ ለፍርድ ቤት አመልክቻለሁ። ቀጠሮው ጥር 24 ነው። ጸሐፊው «አስተርጓሚ ይዘሽ ቅረቢ፣ ከማኅበራችሁ» አለኝ። ከማኅበራችን ማን እንዳለ ታውቂያለሽ። አንቺ ጋ ከተማው ትልቅ ነው፣ አስተርጓሚዎችም አሉ ይባላል። በእግርም በፈረስም ብለሽ አንድ ሰው አግኚልኝ። እሱ በእኔ ስም «ልጄን ማሳደግ አልችልም» ካለ ማን አላለችም ይላል?

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 27

እሳቷ፣

አባባ ነገሩን ነግሬው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ዋለ። ማታ «ጋዜጣ አምጪልኝ» አለኝ፤ ዓይኑ እንደማያነብ እያወቀ። ያዘው ብቻ። ሰላም በላት ብሎኛል።

ሱቄን ዘግቼ ሦስት አስተርጓሚ ዘንድ ሄድኩ። መልካም ወሬ ይዤልሽ ብመጣ ምንኛ ደስ ባለኝ። የመጀመሪያዋ ልጅ እግር ናት፣ ጥሩ ልጅ፤ የባልሽን ስም ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «አስተማሪዬ ነው» አለችኝ። «ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው።» ሁለተኛው «የማኅበራችሁ ደብዳቤ ይምጣና እናየዋለን» ብሎ ሸኘኝ። የማኅበራችሁ ደብዳቤ! ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ «እንብላው» ከማለት በቀር ምን ይላል! ሦስተኛዋ ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነው፤ እግሯ አብጦ እያየሁ ልለምናት አፈርኩ።

ተመልሼ ወደዚያች ወደ ልጅ እግሯ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ «እሺ፣ አትምጪ። እኔን አስተምሪኝ» አልኳት። በዚህ አጭር ጊዜ ቋንቋው እንደማይለመድ ነገረችኝ። ፊደሉን ግን ይቻላል አለች፤ በጣት፣ ፊደል በፊደል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ወደ ቤቴ ትመጣለች። ያሳፈራት ነገር አለ መሰለኝ፣ ሻይ እንኳ አልቀምስም ትላለች።

ጣቴ እንደ ደረቀ እንጨት ነው። «ለ»ን ሳወጣ «ሰ» ትሆንብኛለች። አንዲቷን ደንበኛዬን ፀጉሯን እያጠብኩ በአረፋው ላይ ፊደል ሳጠና «ምን ነካሽ፣ ጅማት ያዘሽ?» አለችኝ። «ሃያ ስምንት ዓመት የዘገየ ትምህርት ነው» አልኳት። አልገባትም።

ሌላ ሰው ካልተገኘ እኔ እመጣለሁ። አንቺ በጣትሽ ጻፊልኝ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል፤ «ዘመድ ነሽ፣ አይፈቀድም» ቢሉኝስ?

ታላቅሽ


ጥር 9

እትዬ፣

ነይ።

ዘመድ ነሽ ካሉሽ የምንለውን ጽፌ ለዳኛው አስገብቻለሁ፦ «ፖሊስ ጣቢያም ሐኪም ቤትም ስለ እኔ የተናገረው ባሌ ነው። ማንም ዘመድ ነህ አላለውም። ባል ዘመድ ካልሆነ እህትም ዘመድ አይደለችም።» በግራ እጄ አሥር ጊዜ ገልብጬ ነው ያሳመርኩት። ጸሐፊው አንብቦ አንገቱን አከከና ማኅተም መታበት።

ጣትሽ ቢንቀረፈፍ አትጨነቂ፤ የእኔም ግራ እጅ ሰነፍ ነው። ልጅ እግሯን እግዚአብሔር ይስጥሽ በያት። ሻይዋን ትጠጣ።

ስለ ልጄ ደግሞ፦ አላየኋትም። የአያቷ ቤት ሄጄ በሩን አንኳኩቼ ነበር። ከውስጥ ምን እንደተባልኩ አላውቅም፤ የተከፈተ በር ግን የለም።

እፈራለሁ እትዬ። ይህን ለማንም አልናገርም፣ ለአንቺ ግን ልጻፈው። ልጄ እዚያ ቤት የሚያናግራት እጅ የለም።

ታናሽሽ


የካቲት 6

እትዬ፣

በሰላም መግባትሽን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። በአውቶቡሱ ላይ ስታለቅሺ ጎንሽ የተቀመጠው ሰውዬ ብርቱካን እንደሰጠሽ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። አባባን እግሩን ሳሚልኝ። ጄሶው ተፈትቷል። ይህን በቀኜ ነው የምጽፈው፤ እጄ ቀጥኖ የሌላ ሰው መስሏል፣ ጣቶቼም አይታጠፉልኝም። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል ብሏል። ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቅኩት፣ ትከሻውን ነቀነቀ። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ስለ ችሎቱ ምን እነግርሻለሁ፤ ራስሽ ነበርሽ። አንቺ ግን ፊትሽ ወደ ዳኛው ስለነበር ከኋላሽ የሆነውን አላየሽም። እኔ እያንዳንዱን ቃል ለአንቺ በፊደል ከጻፍኩ በኋላ ኋላ ለተቀመጡት የማኅበራችን ሰዎች ደግሜ በምልክት ስናገር፣ ዳኛው «ምን እያደረገች ነው?» ሲሉሽ «ለእነሱም እየነገረቻቸው ነው» አልሽ አይደል? ያን ጊዜ የባሌን ፊት አየሁ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቃል የያዝንበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወደ ፊተኛው ወንበር መጣች። ቀጥላ የሊቀመንበሩ ሚስት ተነሣች፤ ባሏ ቀሚሷን ያዛት፣ እሷ ግን እጁን ከቀሚሷ ላይ አንሥታ እንደ ዕቃ ጭኑ ላይ መለሰችለት።

ዳኛው «ጠቅለል አድርገሽ ንገሪን» ሲሉሽ «ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው ፊደል ብቻ ነው፣ መጠቅለል አልተማርኩም» ማለትሽን ሳትነግሪኝ ቀርተሽ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከንፈርሽን አንብባ ነገረችኝ። ከተማው ሁሉ እየተቀባበለው ነው።

አሁን ለጠየቅሽኝ። አይ፣ ዳኛው ያን ቀን የወሰኑት አልተለወጠም። ብቁ አስተርጓሚ ከሌላ ቦታ እስኪመጣ ጉዳዩ ለመጋቢት ተቀጥሯል። ብቁ! እስከዚያ ልጄ አያቷ ዘንድ ትቆያለች፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አያታለሁ። የቢሮዋ ሴትዮ «እናትና ልጅ ይግባቡ እንደሆነ» ታይና ለፍርድ ቤቱ ትጽፋለች።

ትናንት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር።

ቢሮው ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚና አንድ ጠረጴዛ አለ። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው። አያትየዋ አመጣቻት። አዲስ ጫማ አድርገውላታል። ስታየኝ ሮጣ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ መጥታ አግዳሚው ላይ ወጣችና ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

«ነይ» አልኳት። አያቷን አየች። «እማዬ ናፍቃሻለች» አልኳት። አልተነቃነቀችም። አያትየዋ ለቢሮዋ ሴትዮ የምትለውን ከከንፈሯ አነበብኩ፤ «ጨዋ ሆናለች፣ አሁን እጇን አታወናጭፍም» ነው ያለችው። ሴትዮዋ ብዕሯን አነሣች።

እትዬ፣ ብዙ ነገር ችዬአለሁ። ያን ብዕር ግን የምችለው አልመሰለኝም። ልጄን ጎትቼ እጆቿን ላወጣቸው ፈለግኩ። ግን እጇን ከቀማሁማ ከእሱ በምን ተለየሁ? ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከጫማዎቿ አጠገብ። ያን የቀጠነ እጄን አግዳሚው ላይ፣ ጎኗ አስቀመጥኩት። እጄን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ትንሽ ጣቴን በጉልበቷ ነካችው፣ ያመው እንደሆነ ልታውቅ ይመስለኛል።

ከዚያ አንድ እጇን በከፊል አወጣች። ከጭኗ ሥር፣ አያቷ በማታይበት በኩል፣ በጣም አሳንሳ በምልክት፦

«እማ፣ እጄ ደንዝዞብኛል። መቼ ነው የማወጣው?»

«አሁን» አልኳት። በሚያመኝ እጄ፣ ቆሜ፣ ብዕሩም አያትየዋም በሚያዩት ቦታ፣ የምችለውን ያህል አግዝፌ፦ «አሁን።»

ታናሽሽ